«ፕሮሰስ ላይ» ስላሉ ባለትዳሮች፤ ከእነዋሪ የቀረበ ጥናት

የትዳርን ነገር የሚመረምሩ ሊቃውንት እስካሁን የጻፉት ስላገቡ፣ ስላላገቡና ስለፈቱ ሰዎች ነው። በሞረትና ጅሩ ወረዳ ዋና ከተማ በእነዋሪ ግን አራተኛ ወገን አለ፤ «ፕሮሰስ ላይ ናት» የሚባለው፤ ውጭ አገር ያለ ባሏ ጠርቷት ቪዛ የምትጠብቀው። ይህ ጽሑፍ የሚያጠናው እሱን ነው። መረጃው የተሰበሰበው ከአቦል እስከ በረካ ባለው ጊዜ ሲሆን፣ መልስ ሰጪዎቹ ማንም ሳይጠይቃቸው የመለሱ ጎረቤቶች ናቸው። ባለጉዳዮቹን ማነጋገር አላስፈለገም። ስለ ኬዛቸው ከእነሱ ይልቅ ጎረቤት ጠንቅቆ ያውቃል።

ነገሩ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከዲቪ ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1990 ባወጣችው ሕግ የመጣ የቪዛ ሎተሪ ነው፤ አሥራ ሁለተኛን የጨረሰ ሁሉ ይሞላዋል። ሲሞላ ያገባ ሰው ሚስቱን ሳያስመዘግብ ከቀረ ዕድሉ ይሰረዛል። ላጤ ሆኖ ሞልቶ ቪዛው ከመመታቱ በፊት ካገባ ግን ሚስቱ አብራው ትሄዳለች። ስለዚህ ሎተሪው ከደረሰበት ቀን እስከ ኢንተርቪው ባሉት ወራት ፍቅር በአካባቢው ያልተለመደ ፍጥነት ያሳያል፤ ሽማግሌዎችም ያን ሰሞን ጫማቸውን አያወልቁም። ብቻውን የሄደው ደግሞ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በጥር ተመልሶ ይደግሳል፤ ሦስት ሳምንት ከሙሽራዋ ጋር ይቆይና ወደ ሥራው ይመለሳል። የእኛ ጥናት ከአውሮፕላኑ መነሳት ይጀምራል።

የአሜሪካ ሕግ ሚስቶችን በሁለት ይከፍላል። የዜጋ ሚስት ኮታ የለባትም። የግሪን ካርድ ባለቤት ሚስት ግን በየዓመቱ በተወሰነ ቁጥር ውስጥ ተሰልፋ ተራዋን ትጠብቃለች። በሁለቱ ፍቅር መካከል ያለው ልዩነት በሕጉ አልተብራራም። በእነዋሪ ግን «ሲትዝን እስኪሆን» የሚለው አነጋገር እንደ «እስከ መኸር» ያለ የታወቀ የጊዜ መለኪያ ሆኗል።

የቤተሰብ ሕጋችን ጋብቻን በሦስት መንገድ ያውቃል፤ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖት ሥርዓትና በባህል። የአሜሪካ ቆንስላ ከእነዚህ በላይ አራተኛውን ይጠይቃል፤ በፎቶ የሚፈጸመውን። የወሳኝ ኩነት ወረቀት መቅረቡ ግድ ነው፤ ወረቀቱ ግን መጋባታቸውን እንጂ ጋብቻው ለግሪን ካርድ ሲባል ያልተፈጸመ መሆኑን አያሳይም። መዋደድ ደግሞ በጅሩ ለሰው ዓይን የሚቀርብ ነገር አይደለም። የቀድሞ ሴቶች ባላቸውን በስሙ እንኳ አይጠሩም ነበር፤ «እሳቸው» ካሉ ሰፈሩ በሙሉ ማን እንደሆኑ ያውቃል። ሙሽራ በሰርጓ ቀን አንገቷን ትደፋለች፣ ከእናቷ ስትለይ ታለቅሳለች፤ ካላለቀሰች የሚታማው አስተዳደጓ ነው። የቪዛ መኮንኑ ግን አንገቷን ደፍታ፣ ዓይኗ አብጦ ከአንድ ሰውዬ አጠገብ የቆመች ሴት በፎቶ ሲያይ ሌላ ነገር ይጠረጥራል።

በዚህ ምክንያት የፎቶ አንሺው ሥልጣን ከሚዜው በልጧል። በዳሱ መካከል ቆሞ «ጠጋ በሉ! እጅህን ትከሻዋ ላይ! ሳቂ እንጂ!» ይላል። ሙሽራዋ እናቷን ሰርቃ ታያለች። እናት ነጠላዋን ወደ አፏ ትሰበስባለች። አያት «ወይ ጉድ!» ብለው ፊታቸውን ያዞራሉ። ፎቶው በዚህች ቅጽበት ይነሳል። ከፋይሉ ጋር የሚያያዘውም ይኸው ነው፤ አንድ የታዘዘ ሳቅ፣ ከኋላ የአያት ማጅራት።

ቀጥሎ የሚፈለገው የመልእክት ልውውጥ ነው። ከኢሞና ከቴሌግራም እየተቀዳ ይታተማል። ናሙናው እንዲህ ይመስላል፦ «ደህና ነሽ?» «ደህና። አንተስ?» «ደህና። እማዬስ?» «ደህና ናቸው። ዝናብ ጣለ።» «ተመስገን።» ከዚያ ኔትወርክ ይጠፋል። የጅሩን መረሬ አፈር የሚያውቅ ሰው ይህን ሲያነብ ልቡ ይነካል፤ ውኃ ማሳው ላይ ተኝቶ እንደሆነ፣ ወንድምየው ቦዩን ከፍቶ እንደሆነ፣ ሰውየው በሐሳቡ የት እንደሚውል ሁሉ ይገባዋል። መኮንኑ የሚያነበው ግን የሜትዮሮሎጂ ዘገባ ነው።

የሐዋላ ደረሰኝም ማስረጃ ነው። ችግሩ ለእናቱ የላከው ገንዘብ ለሚስቱ ያለውን ፍቅር አለማሳየቱ ነው። ስለዚህ ሁሉንም በሚስቱ ስም ይልካል፤ እናት ድርሻቸውን ከምራታቸው እጅ ይቀበላሉ። ከዚህ የተነሳ በአማትና በምራት መካከል የተፈጠረው ነገር ከዚህ ጥናት ወሰን ውጭ ነው፤ ሽማግሌ ይዞታል።

ድሮ ወንድ የሚመዘነው በጥማድ በሬ ነበር። አሜሪካ የምትመዝነው በታክስ ወረቀት ነው። የጠሪው ገቢ ከድህነት ወለሉ 125 በመቶ ማነስ የለበትም፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ለሁለት ሰው ቤተሰብ 25,550 ዶላር ነበር። ካነሰ ንብረት ይቆጠርለታል። ዜጋ ከሆነ፣ ንብረቱ የጎደለውን ሦስት እጥፍ የሚያወጣና በአንድ ዓመት ውስጥ ያለ ብዙ ኪሳራ ወደ ጥሬ ገንዘብ የሚለወጥ መሆን አለበት። ይህን ደንብ ያረቀቀው ሰው የጅሩን ሰንጋ አለማየቱ ያስታውቃል። የጅሩ ሰንጋ በፋሲካ ዋዜማ ወደ ጥሬ ገንዘብ ለመለወጥ ዓመት አይጠብቅም፤ ግማሽ ቀን ይበቃዋል። ይሁንና ሰንጋውን በፎርሙ ላይ አስመዝግቦ ሚስቱን የጠራ ሰው እስካሁን አላጋጠመንም። ጉዳዩ ራሱን የቻለ ምርምር ይሻል።

በኢንተርቪው ዕለት «መቼ ተጋባችሁ?» ትባላለች። እሷ በ2014 ትላለች፤ የእሱ ፎርም 2022 ይላል። ሁለቱም እውነት ነው፤ መኮንኖቹም ለምደውታል ይባላል። «የባለቤትሽ ልደት መቼ ነው?» ለሚለው የቤተሰቡ መልስ «በኅዳር ሚካኤል ማግስት፣ እናቱ አጨዳ ላይ ሳሉ» ነው። ፓስፖርቱ ሌላ ቀን ስለሚል ግን እሷ የምትሸመድደው የፓስፖርቱን ነው።

ሌሎች አገሮች ሌላ ጠባይ አላቸው። ጀርመን ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሚስት ገና ካገሯ ሳትወጣ የመጀመሪያ ደረጃ ጀርመንኛ እንድታውቅ ትጠይቃለች፤ በጎይቴ ተቋም ፈተና ማለፊያው ከ100 60 ነው። ባሏ የእነዋሪ ልጅ ስለሆነ ቤት ውስጥ የሚያወሩት በአማርኛ ነው፤ ጀርመንኛው ለማን እንደሆነ ቡና ላይ ተነስቶ መልስ አላገኘም። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2024 የጠሪውን ዓመታዊ ገቢ መነሻ ከ18,600 ወደ 29,000 ፓውንድ አሳድጋ ብዙ ፍቅር ባንድ ጊዜ ከወለሉ በታች አድርጋዋለች። ዓረብ አገር በቤት ሠራተኛነት የሄደች ሴት ደግሞ ባሏን መጥራት አትችልም፤ ስለዚህ ስለ እሷ የሚጻፍ ጥናት የለም።

ፕሮሰስ ላይ ያለች ሴት ጥጃ አትገዛም፣ ረጅም ዕቁብ አትገባም፣ «ልሄድ ነው» ብላ የለቀቀችው ሥራ አይመለስላትም። «አንቺ ልጅ፣ አሁንም አልሄድሽም እንዴ?» የሚሏትን በየመንገዱ እያቀፈች ትስማለች። ማታ ማታ ከሳጥኑ ፋይሉን አውጥታ ወረቀቱን በየተራው ታስተካክላለች። ፋይሉ ሲወፍር እሷና እሱ በዕድሜ ይገፋሉ፤ ፋይሉ ውስጥ ግን ገና ሙሽሮች ናቸው።

አሜሪካ በገባችበት ቀን ጋብቻው ሁለት ዓመት ካልሞላው የሚሰጣት ግሪን ካርድም የሁለት ዓመት ብቻ ነው። ሊያልቅ 90 ቀን ሲቀረው ባልና ሚስት አብረው ሌላ ፎርም ይሞላሉ፣ ባልና ሚስት መሆናቸውንም እንደገና ያስረዳሉ፤ በኪራይ ውል፣ በጋራ የባንክ ሒሳብ፣ በአዲስ ፎቶ። ስለዚህ በመጪው ጥር ጅሩ ሰርግ የተጠራችሁ አንባቢያን፣ ፎቶ አንሺው «ወደዚህ!» ሲላችሁ ፊታችሁን አታዙሩ። ማጅራት በማስረጃነት ደካማ መሆኑ ተረጋግጧል።