የአውሮፓ ናት የዱባይ?

አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ውስጥ መኪና ሊገዛ የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው ስንት ብር እንዳለው አይደለም፤ «የአውሮፓ ናት የዱባይ?» ተብሎ ነው። መልሱን ለመስማት ስኒውን ይዞ የሚጠጋው ሰው ብዛት፣ ገዢው ለሽማግሌነት ቢለምን እንኳ የማያገኘው ነው።

የክርክሩ ባለቤት ብዙ ጊዜ ቪትዝ ናት። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ1999 አወጣት፤ ጃፓን ውስጥ ቪትዝ፣ አውሮፓ ውስጥ ያሪስ ተብላ ተሸጠች። ለአብዛኛው አውሮፓ የተሠራችው መሪዋ ከፋብሪካ ጀምሮ በግራ ነው፤ የጃፓኗ ግን በቀኝ። እኛ እ.ኤ.አ. ከ1964 ወዲህ የመንገዱን ቀኝ ይዘን ስለምንነዳ፣ በዱባይ በኩል የመጡት ብዙዎቹ የጃፓን ቪትዞች መሪያቸው እዚያው ወደ ግራ ተዛውሮ ነው የገቡት። ዳሽቦርዱ ይፈታል፣ ፔዳሉ ይነቀላል፣ ሁሉም ማዶ ይሻገራል። ደላላው ይህን «ትንሽ ማስተካከያ» ይለዋል። ልቡን ከግራ ወደ ቀኝ ቢያዞሩለትም እንዲሁ የሚል ይመስለኛል።

አንዳንዷ ላይ ታዲያ መሪው ሲሻገር የፍሬቻውና የዝናብ መጥረጊያው ማብሪያ በጃፓን ወጋቸው ይቀራሉ። ወደ ላይኛው ሰፈር ሴቻ ሽቅብ የሚወጣ ሾፌር በጠራራ ፀሐይ መስታወቱን መጥረግ ከጀመረ፣ ሊታጠፍ ነው። ከኋላ ያለው ባለ ባጃጅ ይህ ገብቶታል፤ ትራፊክ ፖሊሱ ግን ገና ነው። የአንድ ወዳጄ መኪና ደግሞ ቁልፍ በተዞረ ቁጥር በጃፓንኛ ትናገራለች። የምትጠይቀው የክፍያ መንገድ ካርድ ነው፤ እሱ ሰላምታ መስሎት «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላታል።

የእኛ ብቻ ጣጣ እንዳይመስላችሁ። ኒሳን እ.ኤ.አ. በ1969 ያወጣት ዝነኛ የስፖርት መኪና ለአገሯ ሰው ፌርሌዲ ዜድ፣ ለአሜሪካ ዳትሰን 240 ዜድ ነበረች። ጃፓን ከ2000 ሲሲ በላይ የሆነ ሞተር ላይ ግብሩን ታከብድ ስለነበር የአገር ቤቷ መጀመሪያ በ2 ሊትር ተወሰነች፤ ወደ ውጭ የተላከችው 2.4 ሊትር ተሰጣት። ይህችው ባለ 2.4፣ ከሞያሌ ማዶ እ.ኤ.አ. በ1971 እና በ1973 የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ራሊን አሸነፈች። ዛሬም አፍቃሪዎቿ የየትኛው አገር ትበልጣለች እያሉ ይነታረካሉ። የመኪናን ዕጣ መሐንዲሱ ብቻ ሳይሆን ቀራጩም ይጽፈዋል ማለት ነው፤ የእኛም ኤክሳይስ ታክስ 1300 ሲሲ ላይ ድንበር አለው፣ ቪትዝም ከድንበሩ ወዲህ ተጠልላ ነው አገር የሞላችው።

ሲቀላ ላይ ክርክሩ ሲጋጋል ሦስተኛ ወገን ይነሳል፦ «ለራሳቸው ለገልፍ አገሮች የተሠራችው ትሻላለች፤ ኤሲዋ ለሙቀት የታሰበ ነው!» በከተማችን ሙቀት ይህን ማን ይክዳል? የአውሮፓዋ ማሞቂያ እዚህ ምን ይሠራል? ችግሩ፣ 37 ኪሎ ሜትር ብቻ ሽቅብ ወጥታችሁ ዶርዜን አልፋችሁ ጨንቻ ስትደርሱ ያው ማሞቂያ ነፍስ ያድናል። የጋሞ ዞን አውሮፓንም ገልፍንም በግማሽ ቀን ያስጎበኛል፤ ስለዚህ ስታንዳርድ ጠንቅቆ የሚያከብር ሰው ሁለት መኪና ያስፈልገዋል።

የእኔ ፍርድ አጭር ነው፦ ሲቀላ ያላችሁ የገልፏን፣ ጨንቻ ያላችሁ የአውሮፓዋን ግዙ። መሪዋ የዞረ መሆኑን ለማወቅ ግን ደላላውን አትጠይቁ፤ ኮፈኑን ክፈቱና በተሳፋሪው በኩል የተደፈነ ቀዳዳ ፈልጉ።