የፋሲካ ማግስት ቲኬት

የባለቤቴ አጎት ከአዲስ አበባ መጥተው እኛ ዘንድ፣ አሌክሳንድርያ ቨርጂኒያ፣ ከርመው ነበር። ጋሼ ዕድሜያቸውን ሙሉ መርካቶ ጨርቅ ሲሸጡ የኖሩ ሰው ናቸውና ዋጋ ሲነሳ ጆሯቸው ይቆማል። ቤታችን ያለ ዕቃ ሁሉ፣ ከሶፋው እስከ ሻይ ማንኪያው፣ «ስንት ገዛችሁት?» ተብሎ ተጠይቆበታል። መልሱን ሰምተውም ዝም አይሉም፤ «ተበልታችኋል» ብለው ይፈርዳሉ። ትንሹ ልጄ አማርኛው ብዙም ባይሆንም ይህችን ቃል ግን አጥርቶ ይዟት፣ ገበያ ስንወጣ ሂሳብ ተቀባይዋ ፊት ይናገራታል።

ዋሽንግተንን አሳየናቸው። የስሚዝሶኒያን ሙዚየሞች መግቢያ በነጻ መሆኑ ግን አላማራቸውም። «በነጻ ያስገቡን የሚሸጡት ነገር ቢኖራቸው ነው» እያሉ የዳይኖሰሩ አጥንት ሥር ቆመው ዙሪያውን ይቃኙ ነበር። (መውጫው ላይ የስጦታ መሸጫው ጋ ስንደርስ «አላልኳችሁም?» አሉ።) ልጆቹ ደግሞ አባባ ማየት ያለባቸው አጥንት ሳይሆን ሮለር ኮስተር የሚሉት ባቡር ነው ብለው ወጥረው ያዙን። ስሙን የማልጠራው አንድ የመዝናኛ ፓርክ አለ፤ ከእኛ ወደ ደቡብ ረዘም ያለ መንገድ ያስነዳል። አንድ ማታ እራት ተበልቶ ሲያበቃ ቲኬት ልንገዛ ላፕቶፑን ከፍተን ተሰበሰብን።

ብቅ ያለው የዋጋ ዝርዝር ሳይሆን ካላንደር ነው። በየቀኑ ሥር ዋጋ ተጽፏል። ቅዳሜ ከማክሰኞ በብዙ ይበልጣል፤ ትምህርት ቤት የሚዘጋበት ሳምንት ደግሞ ከቅዳሜም ይብሳል። ርካሹ ቀን አረንጓዴ፣ ውዱ ቀይ ተቀብቷል። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ጠጋ አሉ።

«ቅዳሜም ማክሰኞም የሚገባው እዚያው ፓርክ ነው?»

«እዚያው ነው፣ ጋሼ።»

«ባቡሩም ያው ነው?»

«ያው ነው።»

«ታዲያ ቁርጡ ስንት ነው?»

ቁርጥ የለውም። ድሮ ግን ነበረው። ዲዝኒላንድ በ1955 ካሊፎርኒያ፣ አናሃይም ውስጥ ሲከፈት (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) አዋቂ በ1 ዶላር፣ ሕፃን በ50 ሳንቲም ይገባ ነበር፤ ለየመጫወቻው ደግሞ ለብቻ ይከፈላል። ጥቂት ቆይቶ ኤ፣ ቢ፣ ሲ የሚል ፊደል ያለባቸው ኩፖኖች በጥራዝ መሸጥ ጀመሩ፤ በ1959 የተጨመረው «ኢ» ኩፖን ለምርጦቹ መጫወቻዎች የተለየ ነበር። በዚያ ዘመን ዋጋ የሚለያየው በሚሳፈሩበት ነገር እንጂ በሚመጡበት ቀን አይደለም። ጥራዙ በ1982 ቀረና ሁሉን የሚያስጫውት አንድ ቲኬት መጣ። ዲዝኒ ለቀኑ ለራሱ ዋጋ ያወጣለት በፌብሩዋሪ 2016 ነው። ካሊፎርኒያ ላይ የአንድ ቀን ቲኬቱን ሦስት ቦታ ከፈለና ጭር ያለ ቀን 95፣ መካከለኛ ቀን 105፣ ግርግር ያለበት ቀን 119 ዶላር አለ።

መንገዱን የጠረጉት አየር መንገዶች ናቸው። በ1978 የአሜሪካ መንግሥት የዋጋ ቁጥጥሩን ሊያነሳላቸው ሲወስን፣ ባዶ ወንበር ይዞ የተነሳ አውሮፕላን ያንን ወንበር ዳግመኛ ሊሸጠው እንደማይችል ገብቷቸው ሂሳቡን ቀመሩት፤ አስቀድሞ ለሚገዛ ርካሽ፣ በመጨረሻው ሰዓት እየሮጠ ለሚመጣ ውድ። ለገና አገር ቤት ለመግባት ከዳለስ አውሮፕላን ማረፊያ ቲኬት ቆርጦ የሚያውቅ ሰው ማብራሪያ አይፈልግም። የፓርኩም ሂሳብ ይኸው ነው። ባቡሩ ሞልቶም ሄደ ባዶውን፣ የሚበላው መብራትና የሚቆምለት ሠራተኛ አይቀንስም። በዚያ ላይ ሰዉ ሁሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ከጎረፈ ሰልፉ አያንቀሳቅስም፤ ዋጋ ገፍቶ ከፊሉን ወደ ማክሰኞ ቢወስደው ለሁሉም ይበጃል ይላሉ ባለፓርኮቹ። ይህን እኔም አልክድም።

ጋሼም አልካዱትም። «ይኼማ የፋሲካ ዶሮ ነው» አሉ። «የሐሙስና የቅዳሜ ዋጋው መቼ አንድ ሆኖ ያውቃል? ግን ቅዳሜ ሲመሽ ባለዶሮው ዶሮውን ታቅፎ ወደ ገጠር መመለስ አይፈልግም። ያን ጊዜ ጠጋ ብለህ ስትጠይቀው በጠራኸው ይሰጥሃል። ለነዚህ መቼ ነው የሚመሽባቸው?»

አይመሽባቸውም። ይህ ጥያቄ ከዚያ ወዲህ ካነበብኳቸው የኢኮኖሚክስ ማብራሪያዎች ሁሉ ይበልጥብኛል። አንዳንዱ ፓርክ ለየቀኑ አስቀድሞ ተምኖ ካላንደሩን ይለጥፋል፤ ውድም ይሁን ርካሽ ቢያንስ ታውቁታላችሁ። አንዳንዱ ግን ቲኬቱ እየተሸጠ በሄደ ቁጥር ዋጋውንም እየገፋ ይሄዳል። የእኛው ሁለተኛው ዓይነት ኖሮ፣ ማታ «እስቲ ተመካክረን» ብለን የተውነው ቀን ጠዋት ጨምሮ ጠበቀን።

ምክር የመጣው ከሹፌር ወዳጄ ነው። ኡበር ስለሚነዳ ዋጋ ሲያብጥና ሲሟሽሽ ማየት እንጀራው ነው። በ2019 አንድ የዋሽንግተን ቴሌቪዥን ጣቢያ፣ ሬገን አውሮፕላን ማረፊያ ተሳፋሪ የሚጠብቁ ሹፌሮች የስልካቸውን መተግበሪያ ባንድ ጊዜ ዘግተው፣ ኮምፒውተሩ መኪና ያጠረ መስሎት ዋጋውን ሲሰቅለው መልሰው እንደሚከፍቱ ዘግቦ ነበር። ወዳጄ እዚያ መካከል ነበር ወይ ብዬ ጠይቄው አላውቅም፤ እሱም ነግሮኝ አያውቅም። ብቻ የሰጠን ምክር የዚያው ግልባጭ ነው። «ዋጋው የሚወጣው ስለምታዩት ነው። ዝጉት። ገዢ የጠፋ ይምሰለው።»

ጋሼ ይህን ሲሰሙ ዓይናቸው በራ፤ ሸማች ጥሎ የሚሄድ መስሎ ሻጩን ማስጠራት የሚያውቁት ነገር ነው። የቤቱ ስልክ ሁሉ ተሰብስቦ ጠፋ። ዋይፋዩ ሳይቀር ተነቀለ። ትልቋ ልጄ የቤት ሥራዬ ኢንተርኔት ይፈልጋል ብትል «ትንሽ ታገሺ፣ ሊጠሩን ነው» አሏት። ማንም አልጠራንም። ማግስቱን ስንከፍተው ቅዳሜ ቀይ ላይ ቀይ ጨምሯል። ሹፌሩ አልተረታም፤ «ጎረቤት ከፍቶት ይሆናል» አለ።

መላውን ያገኘችው ባለቤቴ ናት። ሆስፒታል የሌሊት ፈረቃ ነው የምትሠራው፤ የዕረፍት ቀኗ ከወራት በፊት ተጠይቆ የሚፈቀድ ስለሆነ «ማክሰኞ ኑ» የሚለው የፓርኩ ግብዣ ለሷ ዓይነቱ ሰው የተጻፈ አይደለም። የፋሲካን ማግስት ግን አስፈቅዳ ነበር። ጊዜው 2024 ነው። የፈረንጆቹ ፋሲካ ማርች 31 ቀን ውሎ የትምህርት ቤቱም ዕረፍት በዚያው ሰሞን አልፏል። የእኛ ሜይ 5 ነው። «ሰኞ ሜይ 6ን እዪው» አለቻት ትልቋን። አረንጓዴ! ከካላንደሩ ሁሉ የረከሰ። ኮምፒውተሩ ገናን በዲሴምበር፣ ፋሲካን በማርች ይቆጥራል፤ ለሁለት ወር ግድም ጾመን ሌሊቱን ስናስቀድስ አድረን እሑድ የምንፈስክ ሰዎች መኖራችንን አልሰማም። ጋሼ የእህታቸውን ልጅ ግንባር ሳሙና «አንቺ ነጋዴ መሆን ነበረብሽ» አሏት። ልጆቹ የዚያን ቀን ከትምህርት ቤት ስለሚቀሩ የሃይማኖት በዓል መሆኑን ጽፈን ፈረምን፤ ሐሰት የለበትም።

ሰኞ ማልደን፣ የተረፈውን ዶሮ ወጥ በበረዶ ሣጥን ጭነን ወረድን።

መኪና ማቆሚያው ውስጥ ገና ስንዞር ነጠላ አየሁ። ቀጥሎ ሌላ ነጠላ። ከአንድ ቫን ጀርባ ድፎ ዳቦ እየተቆረሰ ነው። ቅዳሜ ሌሊት ቤተ ክርስቲያን ሲያዘምረን ያደረው ሰው በቁምጣ መጣና «እናንተም?» አለኝ። «እኛም» አልኩት። ሰበካው ከነሕፃናቱ ያለ ይመስላል። ሁሉም ቤት አንዲት ብልህ ሴት ካላንደር ስታገላብጥ ኖራለች። በዚያ ላይ ወሩ ሜይ ነውና ቢጫ የትምህርት ቤት አውቶቡሶች ተማሪ እያራገፉ ነው።

በሩ ላይ ቦርሳ የሚፈትሸው ወጣት የበረዶ ሣጥናችንን ከፈተ። የድስቱን ክዳን አንሥቶ ቀዩን ወጥና እንቁላሉን አየ፣ ሽታው አፍንጫው ደረሰ፣ ክዳኑን ቀስ አድርጎ መልሶ «ምግብ አይገባም» አለ። ስለዚህ ከጥዋቱ መኪና ማቆሚያ ላይ ተመልሰን በላን። ከዚያ ጋሼ ቲኬት የምትቆጣጠረዋ ልጅ ፊት ሲደርሱ ቆም አሉና ትልቋን «መጨረሻው ስንት ነው በያት» አሏት። ልጄ በኀፍረት ቀልታ «አባባ፣ ተከፍሏል እኮ» ብትላቸው «ይሁን፣ የተከፈለውንም ቢሆን» አሉ። ልጅቷ ምን እንደተባለ ባይገባትም ሽማግሌው ደስ ብለዋት ኖሮ፣ ከጠረጴዛዋ ሥር «የመጀመሪያ ጉብኝቴ» የሚል ክብ ባጅ አውጥታ ሰጠቻቸው። ጋሼ ኮታቸው ላይ ሰኩትና ወደ እኔ ዞረው «ባይቀንሱም ምራቂ ሰጥተዋል» አሉ።

ቀኑ ለምን እንደረከሰ የገባን ከውስጥ ነው። ልጆቹ የተመኙት ትልቁ ሮለር ኮስተር ለጥገና ተዘግቷል። የሚሠሩትም ሙሉ ባቡራቸውን አላወጡም፤ ሦስት ይዞር የነበረው አንድ ይዞራል፣ ሰልፉም ያንኑ ያህል ይጎተታል። ይህ የዚያ ፓርክ ብቻ ጠባይ አይደለም። በዚህ ሥራ ጥገና የሚያዘው ሰው ይቀንሳል ለተባለበት ወቅት ነው፣ ሰዓቱም ያጥራል። ስለዚህ «ባቡሩም ያው ነው» ብዬ ለጋሼ የመለስኩላቸውን ፓርኩ አፍርሶታል። የረከሰው ቀን ዕቃውም የጎደለ ነው።

ሰልፍ ላይ ቆመን ሳለ የትልቋ ስልክ ጮኸ። ተጨማሪ ከተከፈለ ሰልፉን አልፎ በሌላ በር የሚያስገባ ፓስ አለ። ዋጋውን ለጋሼ ነገረቻቸው። እሳቸው በልባቸው ወደ ብር መልሰውት ሳይጨርሱ፣ ከበስተኋላችን ሌላ አውቶቡስ ሙሉ ተማሪ ሲሰለፍ፣ ዋጋው ዓይናችን እያየ ከፍ አለ። ጋሼ ሳቁ። «ገባኝ! መግቢያውን ያረከሱት እዚህ ውስጥ ሊያስወድዱት ነው።» ከመርካቶ የመጣ ሰው አይሸወድም። ዲዝኒ ራሱ በ1999 የጀመረውን ፋስትፓስ እስከ 2020 በነጻ ሲሰጥ ኖሮ በ2021 በሚከፈልበት ተካው፤ በኦክቶበር 2022 እሱም እንደ ቀኑ የሚለዋወጥ ዋጋ ወጣለት። እኛ ከሄድንበት ጸደይ ቀጥሎ በመጣው ኦክቶበር ደግሞ ፍሎሪዳ ላይ ሰልፉን ሁሉ የሚያስዘልል ፓስ አምጥቶ፣ በግርግሩ ቀን ለአንድ ሰው እስከ 449 ዶላር ጠራበት። መግቢያው አልተቆጠረም።

ባለቤቴ ከፈረቃዋም ከቅዳሴውም እንቅልፍ ስላለባት አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ጋደም ብላ ቀኑን ጨረሰች። ጋሼ የተሳፈሩት የሕፃናቱን የእንጨት ፈረስ ብቻ ነው፤ ባጃቸውን እንዳደረጉ፣ ቀጥ ብለው።

እኔ በዚህ የዋጋ አሠራር የምጣላው ከመለያየቱ ጋር አይደለም። ቨርጂኒያ ውስጥ የመንገዱም ዋጋ ይለያያል። በዲሴምበር 2017 አይ-66 አውራ ጎዳና ላይ አዲሱ ክፍያ ሲጀመር ለአንድ ጉዞ 40 ዶላር ደርሶ አገር ተንጫጭቷል፤ ግን ከጎኑ በነጻ የሚነዱበት ሌላ መንገድ አለ፣ ሰው አብዝቶ የጫነና ትክክለኛዋን የክፍያ መሣሪያ የለጠፈ መኪናም አይከፍልም። (ቤተሰብ መብዛቱ የሚያተርፍበት ሌላ ቦታ አሜሪካ ውስጥ አላየሁም።) ፓርክ ላይ ግን ሰው ሲበዛ ሂሳቡ ይባዛል፣ ቀኑን የሚመርጠውም ሌላ ነው። ጋሼ ጡረተኛ ናቸው፣ ሹፌሩ ባሻው ቀን ስልኩን ይዘጋል። የልጆች ትምህርት ቤትና የሆስፒታል ፈረቃ የያዘው ቤተሰብ ግን ቀዩ ቀን ላይ ታስሯል። ማስታወቂያው ደግሞ ሁልጊዜ የሚጠራው አረንጓዴውን ነው። ዲዝኒላንድ በ2019 ትንሹ ዋጋው 104፣ ትልቁ 149 ዶላር ነበር። በ2024 መጨረሻ ትንሹ እዚያው 104 ላይ ቆሞ ትልቁ 206 ገብቷል። «ከ104 ጀምሮ» የሚለው ቃል አልዋሸም፤ የጨመረው ግን ቀን መምረጥ በማይችሉ ሰዎች ላይ ነው። እንዲህ ያለውን «ቅናሽ» ብሎ መጥራት ነውር ነው፣ ይኸው ነው የኔ ፍርድ።

ለመሄድ ላሰባችሁ የማውቀውን ልንገራችሁ። በ2025 ሁለቱም ፋሲካ ኤፕሪል 20 ላይ ስለገጠሙ ምንም አልተገኘበትም። በ2026 የአንድ ሳምንት ልዩነት ብቻ ነው ያላቸው። በ2027 ግን የፈረንጆቹ ማርች 28፣ የእኛ ሜይ 2 ነው። ማግስቱ ሰኞ ሜይ 3 ይውላል። ሰበካ ላይ እንዳታወሩት፤ ዶሮውንም መኪና ማቆሚያው ላይ ጨርሳችሁ ግቡ፣ በር ላይ አያሳልፉትም።