መቼ መጥተሃል?

ሐይቅ ከተማ ስማር ከሒሳብም በላይ ያስጨነቀኝ «ፕረዘንት ፐርፌክት» ነበር። መምህራችን ሰሌዳው ላይ «ሃቭ» እና «ሃዝ» ይጽፉና «ድርጊቱ አልፏል፤ ግን አላለፈም» ይሉናል። እኛ አልፎ ያላለፈ ነገር ብለን የምናውቀው የአጋማሽ ፈተናን ነው፤ ቀኑ አልፏል፣ እኛ አላለፍንም።

አንድ ቅዳሜ ሐይቁ ዳር አሳ የሚበላ ፈረንጅ አገኘን። ጓደኞቼ ከኋላ ገፋፉኝ። ጉሮሮዬን ጠረግሁና «ዌን ሃቭ ዩ ካም?» አልሁት። ሃቩም አለ፣ ካሙም አለ፤ ምን ይጎድለዋል? ሰውየው ፈገግ ብሎ «ዌን ዲድ ዩ ካም?» ሲል አረመኝ። አንድ ሙሉ ሴሚስተር የተሸከምሁትን «ሃቭ» የአሳው አጥንት አጠገብ ጥሎልኝ ሄደ።

ማታ ቡና ላይ ለአያቴ አወራኋት። እንግሊዝኛ ስለማትችል ቃል በቃል ወደ አማርኛ መለስሁላት፦ «መቼ መጥተሃል? ብዬ ጠየቅሁት።»

«ኧረ ወግድ!» አለች ከት ብላ ስቃ። «መቼ ካልህማ ‹መጣህ› ነው እንጂ! እንዲህ እየተናገርህ ነው ፈረንጅ ፊት የቆምኸው?»

ትምህርት ቤት ደጃፍ ያልረገጠች ሴት ሴሚስተሩን በአንድ ሳቅ ጨረሰችው። «ምሳ በልተሃል?» የሚል ሰው የሚጠይቀው ስለ አሁኑ ሆድ ነው፤ ካልበላህ ሊያቀርብልህ። «መቼ» ከገባ ግን ወሬው ወደ ኋላ ሄዷል፤ «በላህ» ይባላል። «በልተሃል» ውስጥ የተሸሸገው «አለ» የእንግሊዞቹን «ሃቭ» ሥራ ይሠራል። ደንቡ አፋችን ውስጥ ሳለ እኛ ደብተር ላይ እንፈልገዋለን!

እርግጥ ሁለቱ ቋንቋዎች ሁሌ አይገጥሙም። «አይተህ ታውቃለህ?» የምንለውን ጓደኛዬ ቀጥ አድርጎ «ዱ ዩ ኖው ሲ?» ብሎ ነጭ ሽማግሌ አስደንግጧል። እኔ ግን ታርሜያለሁ። ለአንዲት ጎብኚ «ሃቭ ዩ ኤቨር ቢን ቱ ሐይቅ እስጢፋኖስ?» አልኋት፤ ግሱ እንከን የለውም። ችግሩ አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመሠረቱት ይህ ገዳም ሴት አለማስገባቱ ነው! ሰዋስው አለፍሁ፣ የአገሬን ወግ ወደቅሁ።

በግስ የተሳሳትሁት ግን በአካባቢው እኔ የመጀመሪያው አይደለሁም። ከሐይቅ ወደ ሰሜን የሚሄድ መኪና አምባሰል ውስጥ ውጫሌን ያገኛል። እዚያ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል አንቀጽ 17 በአማርኛው ምኒልክ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣሊያ በኩል መላክ «ይቻላቸዋል» ይላል፤ ሮም ግን «ግዴታቸው ነው» ብላ ያዘችው። የዚያ ግስ እርማት የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ተሰጠ። የእኔው ስሕተት በአያቴ ሳቅ በማለቁ ተመስገን ነው።

እናም የእንግሊዝኛ መምህራን ሆይ፣ «ሃቭ»ን ከመጻፋችሁ በፊት ሰሌዳው ላይ «መቼ መጥተሃል?» ብላችሁ ጻፉ። ክፍሉ ከሳቀ፣ ትምህርቱ ገብቶታል።