ጣራ ያገኘው ዋጋው ብቻ ነው

«ማኪያቶ ብትተው ኖሮ ዛሬ ሐይቅ ዳር ቤት ይኖርህ ነበር» ይላል አነቃቂው። ስሙልኝ እንግዲህ የአርሲ አርቦዬ ሰዎች! ሱፉን ግጥም አድርጎ፣ ማይኩን ጨብጦ፣ መድረኩ ላይ እየተንጎራደደ ነው ይህን የሚለው። አነቃቂ ነኝ ባይ ነው። አንቅተኸናል ወንድሜ፤ እንዲያውም ነቅተንብሃል። ግን የነቃ ሰው ሲመሽ መተኛ ይፈልጋል። አንተ መንቂያውን ይዘህ መጣህ፣ መተኛውን የት ጣልከው?

ደግሞስ ማኪያቶውን ማን ጠጣው? እኔ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። አቦሉን አንዱ ጎረቤት ቤት፣ ቶናውን ሌላው ጋ፣ በረካውን እግሬ የጣለኝ ቤት የምጠጣ ሰው ነኝ። ስኳሩ እንኳ የሰው ነው። የቡና ወጪዬን ልቀንስ ብል መቀነስ ያለብኝ ጎረቤት ነው። ይሁን፤ ክርክሩ እንዳይሞትብህ በየቀኑ አንድ ማኪያቶ እጠጣለሁ እንበል። ዋጋውም 40 ብር ይሁን። ቆይ፣ ወደሱ እንመለሳለን።

መጀመሪያ የቤቱን ዋጋ እንወቅ። ደላላ አልጠይቅም። በዚህ አገር ከቤት የተነሣ የደላው ደላላውን ብቻ ነው፤ ስሙም ይመሰክራል። ሕግ ልጥቀስልህ። በ2017 የወጣው አዋጅ የውጭ ዜጋ እዚህ ቤት ሊኖረው ይችላል ይላል፤ ቢያንስ 150,000 ዶላር ይዞ ከመጣ። ዶላሩን በ150 ብር ብናባዛው 22 ሚሊዮን ከ500 ሺህ ብር ይሆናል። «እሱ ለፈረንጅ ነው፣ አንተ ዜጋ ነህ» እንዳትለኝ። ይህን ቁጥር በጆሮው የሰማ ባለ ቤት ለእኔ ቅናሽ የሚያደርገው ለጠይምነቴ ብሎ ነው?

ደመወዙ ደግሞ ይኸው። ከመስከረም 2018 ጀምሮ በዲግሪ ለሚጀምር የመንግሥት ሠራተኛ 11,500 ብር ሆኗል። እሰየው! ግብሩና 7 በመቶው ጡረታ ሲነሣለት 9 ሺህ አይሞላም። ግድ የለም፣ ስለ አንተ ስል ግብርም አልከፍልም፤ አልበላም፣ አልለብስም፣ አልታመምም፣ ለቅሶም አልደርስም። 11,500ውን ሙሉውን ቁጭ! ስንት ዓመት ይፈጃል? 163። ይህ ማለት አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ሴባስቶፖልን ገና ሳያስቀልጡ እኔ ደብተር ከፍቼ ቁጠባ መጀመር ነበረብኝ። ችግሩ ያኔ ባንክ አልነበረም። ሁለተኛው ችግር ለመኖሪያ የሚሰጠው ሊዝ 99 ዓመት ነው። ቆጥቤ እስክጨርስ አንዱ ሊዝ ያልቅና ሁለተኛው ከግማሽ ያልፋል። ቤቱ ሳይጀመር ውሉ ታደሰ!

አሁን ወደ ማኪያቶህ። በቀን 40፣ በወር 1,200፣ በዓመት 14,400 ብር። ለ22 ሚሊዮን ተኩል? 1,562 ዓመት! ዘጠኙ ቅዱሳን ገና አክሱም ሳይደርሱ እኔ ማኪያቶ ማቆም ነበረብኝ ማለት ነው። በዚያ ዘመን ካልዲ የሚሉት እረኛ አልተወለደ፣ ፍየሎቹ አልጨፈሩ። ያልተገኘ ቡና እንዴት ነው የሚተወው? ማሽኑስ የጣሊያን አይደል እንዴ?

አነቃቂ አያፍርም። «ከኪራይህ ላይ ቀንስ» ይላል። ና እስቲ ግባ፤ ራስህን ግን ዝቅ አድርግ፣ የበሩ ጉበን ሱፍ አያውቅም። ይኸው ክፍሌ። ጭቃው እንዳይረግፍ ጋዜጣ ተለጥፎበታል፤ ዜናው የድሮ ነው፣ የዘይት ዋጋውን ሳነብ ግን ደስ ይለኛል። ያቺ ጣራው ሥር ያለችው ቀዳዳ አይጥ የቆፈረችው አይደለችም። አንድ አምፖል ለእኔና ለጎረቤቴ በሁለት ወገን እንዲያበራ አከራዬ ያስከፈቱት ነው። ጎረቤቴ ሲተኛ ይጠፋል። ፈተና ማረም የምጨርሰው ጎረቤቴ እንቅልፍ እምቢ ካለው ነው፤ አንዳንዴ ተማሪዎቼ በእሱ ጭንቀት ያልፋሉ። ከየትኛው ልቀንስ? ከግማሽ አምፖሌ?

«የኪራይ አዋጅ አለልህ!» አለ ደግሞ። አለ፣ አውቃለሁ፤ ቁጥር 1320/2016። ውል ከሁለት ዓመት አይነስ፣ ጭማሪም በዓመት አንዴ ብቻ ይላል። አከራዬ ግን አዋጅ አያነቡም። እሳቸው የሚያነቡት ቆጣሪ ነው። ወር በደረሰ ቁጥር እሳቸውም ያነባሉ፣ እኔም አነባለሁ። እሳቸው ቁጥሩን፣ እኔ በቁጥሩ።

ቆጥብ፣ ቆጥብ፣ ቆጥብ! በዚህ ግቢ ውስጥ ቆጥ ያላት የአከራዬ ዶሮ ብቻ ናት። እሷም ኪራይዋን በእንቁላል ትከፍላለች፤ ለፋሲካ ደግሞ ትለቃለች።

ኮንዶሚኒየምንማ ባታነሣው ይሻልህ ነበር። አነሣኸው፤ ጠብቀኝ። አዲስ አበባ ላይ በ1997 የተመዘገበ ሰው ያኔ አፍላ ጎረምሳ ነበር፤ ባለ አንድ መኝታ ይበቃኛል አለ። በ2005 እንደገና ተመዝገቡ ተባለ፤ ከ900 ሺህ በላይ ሰው ተሰለፈ። 20/80 የሚባለው ላይ ለባለ አንድ መኝታ በወር 274 ብር፣ ለባለ ሁለት 561፣ ለባለ ሦስት 685 ብር ቆጥቡ ተባለ። ቆጠቡ! ይኸው አንተ የምትሰብከውን ማለት ነው፤ ያለ ማይክ፣ ያለ ሱፍ። ባለ አንድ መኝታ የጠየቀው ጎረምሳ ዛሬ ሦስት ልጅ አለው፤ ሦስተኛው አፉን የፈታው «አባዬ ዕጣው መቼ ነው?» ብሎ ነው። ሐምሌ 2014 ዕጣ ወጣ። እልልታው ሰፈር ነቀነቀ። ወዲያው ዳታው ተነካክቷል ተባለና ዕጣው ተሰረዘ። ኅዳር 2015 እንደገና ወጣ። ቤቱስ ተመለሰ፤ የተለቀቀ እልልታ ግን እንዴት ነው የሚመለሰው? ያን ቀን ጠላ የጠመቀ፣ ዶሮ ያረደ ሰው አለ። ዶሮዋ ዳግም ዕጣ አልገባችም።

«እንግዲያው ጨረታ ግባ!» ጨረታ ይሉታል፤ ጨረሰን ነው ስሙ። በ2007 መርካቶ ላይ ለአንዲት ካሬ ሜትር ከ300 ሺህ ብር በላይ ተጫርተዋል። ያኔ! የእኔ የሽቦ አልጋ ወደ ሁለት ካሬ ይጠጋል። በአንዷ ካሬ ቆሜ ልተኛ? ቆሞ የሚተኛ ፈረስ ነው፤ ፈረስማ በአርሲ የተከበረ ነው፣ በረትም አለው። ካርታ አለህ ወይ እንዳትለኝ ብቻ። አለኝ። የአፍሪካ ካርታ፣ የኢትዮጵያ ካርታ፣ የዝናብ ስርጭት ካርታ። ክፍል ውስጥ ሰቅዬ አስተምርበታለሁ። በእኔ ስም ያለው የትኛውም የለም።

ባንክ አለ አይደል? አለ። ብድር በምድር ይባላል፤ ምድሩ ከሌለህ ብድሩን ማን ይሰጥሃል? መያዣ አምጣ ይሉሃል። መያዣ ቢኖረኝ ምን ልያዝ ወደነሱ እሄዳለሁ? ቢሰጡኝስ ወለዱ ይወልዳል፣ የወለዱ ልጅ ያገባል፤ እኔ ግን ቤት የለኝም ተብዬ ሚስት ተከልክያለሁ።

የአገራችን ነገር ይገርማል መቼስ። በ1967 በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤት ያለው ሰው ተወረሰበት። ያኔ ትርፍ ቤት ጥፋት ነበር፤ ዛሬ ቤቱ ራሱ ትርፍ ሆነ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ደግሞ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። መንግሥት ድርሻውን ያውቃል። ሕዝቡ እኔ ነኝ፤ ድርሻዬን ጫማዬ ላይ ይዤ እዞራለሁ፣ ክረምት ላይ።

«አንተ ጨለምተኛ ነህ፣ ሐይቅ ዳር ሄደህ እይ» ይላል። ሄድኩልህ። ቢሾፍቱ ስደርስ ባቦጋያ ዙሪያው አጥር፣ ኩሪፍቱ በሩ ዘበኛ። አቡሴራ ላይ ትልቅ አየር ማረፊያ ሊሠራ ነው ከተባለ ወዲህ አውሮፕላኑ ገና ሳይነሣ ዋጋው ተነሥቷል፤ ማረፉንም እንጃ። ሐዋሳ ስደርስ ሐይቁን ለማየት አሳ መብላት አለብኝ፤ አሳውን በላሁ፣ ከዚያ የታክሲ አጣሁ። የራሳችን ዝዋይና ላንጋኖ አሉልን፤ በአንድ ወገን የአርሲን መሬት ይነካሉ። እነሱ አርሲን ይነካሉ፤ አርሲው እነሱን ልንካ ሲል ግን ሂሳብ ይመጣል። እኔ ዳር ዳር ማለት አላነሰኝም ጌታዬ። ያነሰኝ ሐይቁ ነው።

ቆይ፣ ቆይ! ከ120 ሚሊዮን በላይ ልጆች ያሏት እናት አገር ከ1985 ጀምሮ ባሕር ዳር አንዲት ካሬ አጥታ ለወደብ ኪራይ ስትከፍል ትኖራለች። እሷም ማኪያቶ አልተወችም ብለህ ንገራት! አገር ተከራይ ሆና እኔ ባለ ቪላ ልሁን? ለአርቦዬ የደረሰው ባሕር ባሕር ዛፍ ነው፤ እሱም ውኃ ይጠጣል እንጂ አይሰጥም።

«አሜሪካ ብትሆን በላብህ ትገዛ ነበር» ብሎ ሊያመልጥ ፈለገ። ያዙት! ሳንፍራንሲስኮ ባሕር ዳር ናት፣ ሀብታም ናት። መምህሮቿ ግን የሚኖሩበት አጡና ትምህርት ቤቶቹን የሚያስተዳድረው ክፍል በ2024 እ.ኤ.አ. 135 አፓርትማ ለመምህራንና ለሠራተኞች አስከፈተ። የሚከራዩት እንጂ የሚገዙት እንዳይመስልህ። እዚያ ለመምህሩ ቤት ሠሩለት፤ እዚህ ለመምህሩ አነቃቂ ላኩለት።

እውነቱን ልናገር፤ ከአርሲ ተነሥቶ ሐይቅ ዳር የሠራ ሰው አለ። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ነው፤ የአሰላ ልጅ። ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ሪዞርቱን ሄደህ እይ፣ ያምራል። እንግዲህ መንገዱ ተከፍቷል ማለት ነው! አትላንታ ላይ በ10,000 ሜትር ወርቅ፣ ሲድኒ ላይ በ10,000 ሜትር ደግሞ ወርቅ፣ በመሀሉ የዓለም ክብረ ወሰን ደጋግሞ መስበር። በቃ፣ ይኸው ነው ቅድመ ክፍያው። እሱ በልጅነቱ ደብተሩን በብብቱ ይዞ ወደ ትምህርት ቤት እየሮጠ ነው የጀመረው ይባላል። እኔም ደብተር በብብቴ ይዤ ወደ ትምህርት ቤት እሮጣለሁ፤ ሲደወል። ልዩነታችን እሱ ትምህርት ቤቱን አልፎ ሄደ፣ እኔ እዚያው ደርሼ ቀረሁ።

ከአርሲ ሐይቅ ዳር የደረሰ ሌላ አለ ወይ? አለ፤ ገብሱ። እዚህ ማሳ ላይ ጭቃ ሲበላ ያደገ ገብስ አሰላ ብቅል ፋብሪካ ገባ፣ ብቅል ሆነ፣ ቢራ ሆነ፣ ቀዝቃዛ ጠርሙስ እንደ ኮት ለበሰና ሪዞርት ተቀመጠ። ሐይቅ ፊት ለፊት! ገበሬው እዚህ፣ አስተማሪው እዚህ፣ ገብሱ እዚያ። ከአስተማሪውስ ገብሱ ይሻላል ልበል?

እሺ፣ አንድ የመጨረሻ ነገር መርምርልኝ፣ አነቃቂ መሆን ምርምር ከፈቀደልህ። ሐዋሳ ሐይቅ ውስጥ ጉማሬ ይኖራል። ያውም ዳሩ ላይ ሳይሆን መሀሉ! ሊዝ አልከፈለ፣ ዕጣ አልጠበቀ፣ ጨረታ አልገባ፣ 274 ብር አልቆጠበ። ማታ ማታ ወጥቶ የሰው ሣር ይግጣል፣ ተመልሶ ይገባል፤ ጠያቂ የለበትም። እንዴት ቢያደርገው ነው ብዬ ስብሰለሰል ከረምኩ። አንተን መድረክ ላይ ሳይ ነው የገባኝ፤ እሱም ከአፉ በቀር ሌላ ካፒታል የለውም።