በጀጎል ቤት ለማደስ ላሰቡ አርክቴክት

በሐረር ጀጎል ውስጥ አንድ የሐረሪ ቤት ሊያድሱ አስበዋል? እንግዲያው አፈር ከመንካትዎ በፊት ፋይል ይክፈቱ። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ የሚጠገነው በቅድሚያ ፈቃድ ነው። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ደግሞ ሕንፃውን ሀ፣ ለ ወይም ሐ ብለው እንዲመድቡ ይጠብቃል። ባለ አንድ ፎቅ ሆኖ በሁለት የኮንክሪት፣ የብረት ወይም መሰል ተሸካሚዎች መካከል ያለው ርቀት ከ7 ሜትር ካልበለጠ ምድብ ሀ ነው። ሜትርዎን ይዘው ይግቡና ኮለኑን ይፈልጉ። አያገኙም፤ ጣሪያውን የተሸከመው ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ነው። ይህን ለማንም አይንገሩ፤ ፎርሙ ላይ ቦታ የለውም።

የሙያ ምዝገባዎን በእጅዎ ይያዙ። የፈረንሳዊው ገጣሚ የራምቦ ቤት የሚባለውን ገጣሚው ከሞተ በኋላ አንድ የህንድ ነጋዴ ነው ያሠራው፤ ሳይኖሩበት ስም ማሰጠት በዚህ ከተማ ይቻላል፤ ሳይመዘገቡ ፕላን ላይ መፈረም ግን አይቻልም። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ጀጎልን የከበበውን ግንብ ያሠሩት አሚር ኑር ዛሬ ቢመጡ የልምድ ማስረጃቸው ያጥራል። የሚያቀርቡት አንድ ሥራ ነው፤ እሱም 450 ዓመት አልፎት እስካሁን ጊዜያዊ ርክክብ አልተደረገበትም።

ከዚያ ወደ ውስጥ ይዝለቁ። ዋናው ክፍል፣ ጊዲር ጋር፣ በቀይ አፈር የተቀባ አምስት መደብ አለው፤ ነደባ ይሉታል። አንዱ፣ አሚር ነደባ፣ የአባወራው መቀመጫ ነው፤ ሌላው የእንግዳ፣ ሌላው የልጆች፤ ከፍታውና ቦታው የመከባበር ሕግ ነው። እርስዎ በፕላኑ ላይ «ደረጃ» ብለው ይጻፉት። ማንም አይፈትንዎትም፤ ለፈቃዱ ስለ ነደባ የሚጠይቅ የለም። ግድግዳውን በስሚንቶ ይለስኑት፤ እርጥበቱ መውጫ አጥቶ ድንጋዩን ሲበላው ማኅተምዎ ከልስኑ በላይ ንጹሕ ሆኖ ይቆያል። የእንጨቱን በር በብረት ይቀይሩት፤ ይበረክታል። ጀጎልን በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ዩኔስኮ ልስንንና የብረት በርን ከቅርሱ ሥጋቶች ይቆጥራል፤ ፈቃድዎን የሚሰጠው ግን እሱ አይደለም።

ቀልዱን ትተን፦ ፈቃዱን ያውጡ። ፕላኑን ከመፈረምዎ በፊት ግን ከሰዓት በኋላ በጫት በርጫ ላይ ከአንድ ሽማግሌ ግንበኛ ጋር ይቀመጡ። አሚር ነደባው ላይ ግን አይደለም።