በሁለት ሆቴሎች መካከል፦ የማስታወሻ ብልሃት በሀርጌሳ አየር ማረፊያ

የማስታወሻ ብልሃት ሲባል ተማሪው አንድ ነገር እንዳይረሳ ሌሎች ሁለት ወይም ሦስት ነገሮችን እንዲያስታውስ የሚያስገድድ የትምህርት መሣሪያ ማለት ሲሆን፣ ጠባዩን ለማጥናት በቀድሞው የሶማሌላንድ ፕሬዚዳንት በመሐመድ ሐጂ ኢብራሂም ኢጋል ስም የሚጠራው የሀርጌሳ አየር ማረፊያ እጅግ የተመቸ ነው።

ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ለማረፊያው የሰጠው ባለአራት ፊደል መለያ «ኤች ሲ ኤም ኤች» ነው። የመጀመሪያው ፊደል ሰፊውን ቀጣና፣ ሁለተኛው ሶማሊያን የሚያመለክት በመሆኑ (ኢትዮጵያ በዚሁ ሥርዓት «ኤች ኤ» ናት) ነገሩን ተረድቶ መያዝ ይቻል ነበር፤ ይሁን እንጂ መረዳት ጊዜ ስለሚወስድ፣ የበረራ ተማሪ እ.ኤ.አ. ከ1956 ጀምሮ በሬዲዮ በሚሠራበት የፊደላት አጠራር «ሆቴል፣ ቻርሊ፣ ማይክ፣ ሆቴል» እያለ ያነበንበዋል። ከዚህም ቻርሊና ማይክ የተባሉ ሁለት ሰዎች ከአንዱ ሆቴል ወጥተው ሌላው የገቡበት ታሪክ ያለ ድካም ይወለዳል። የታሪኩ ብርታት ከቶ አለመረሳቱ ነው፤ ጉድለቱ ደግሞ የሁለቱን ሰዎች ማደሪያ ጠንቅቆ ያወቀ ተማሪ የሄዱበትን ከተማ ሲጠየቅ ዝም ማለቱ ነው። በቄስ ትምህርት ቤት ዳዊት የደገመ ልጅም ትርጓሜው እስኪደርሰው በዚሁ ሁኔታ እንደሚቆይ መዘንጋት አይገባም፤ ልዩነቱ የኔታ ዘንድ ሆቴል አለመኖሩ ነው።

ከዚህ የሚጠልቀው የማኮብኮቢያው ቁጥር ነው። ማኮብኮቢያ የሚሰየመው ኮምፓስ የሚያሳየው ዲግሪ ወደ ቅርቡ አሥር ተጠጋግቶ የመጨረሻው ዜሮ ከተጣለለት በኋላ ስለሆነ፣ የሀርጌሳው በአንዱ ጫፍ 06፣ በሌላው 24 ይባላል፤ ይኸውም ወደ 60 እና ወደ 240 ዲግሪ ያቀናል ማለት ነው። ተቃራኒውን አቅጣጫ ለማግኘት 180 መደመር የሚበቃ ቢሆንም፣ በአብራሪዎች ዘንድ የታወቀው ብልሃት 200 ደምሮ 20 መቀነስን ያዛል፤ ቁጥሩ ከ180 የበለጠ እንደሆነ ግን 200 ተቀንሶ 20 ይደመራል። በዚህ አኳኋን አንዱ ድምር ሁለት ስሌት ስለሚሆን ሥራው ይቀላል። የትኛው መቼ እንደሚደመር ለማስታወስ ሌላ ብልሃት ማስፈለጉ አይቀርም፤ ለዚህም ሁለቱን የሆቴል ደንበኞች መልሶ መቅጠርን የሚከለክል ደንብ የለም።

06 እና 24 የሚሉት ቁጥሮች በማኮብኮቢያው ሁለት ጫፎች ላይ ከአየር በሚታይ መጠን በነጭ ቀለም መጻፋቸው ግን ብልሃቱን በስፍራው ለመፈተን የሚደረገውን ጥረት ክፉኛ ያሰናክላል።