ዘፋኟ ተመርጣለች፣ ዘፈኑ ይፈለጋል

እኔን የሚያበግነኝ ቅደም ተከተሉ ነው። እዚህ እስራኤል ለዩሮቪዥን የዘፈን ውድድር መጀመሪያ ዘፋኝ ይመርጣሉ። አገር ምድሩ ወራት ሙሉ ማታ ማታ ቴሌቪዥን ፊት ተገትሮ እከሌ ይለፍ፣ እከሊት ትውደቅ ሲል ይከርምና አንዷ ታሸንፋለች። አበባ ይሰጣታል፣ ብልጭልጭ ወረቀት ይበተንባታል፣ እናቷ ታለቅሳለች። «ለመሆኑ ምን ትዝፈን?» የሚለው ጥያቄ ትዝ የሚላቸው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ይህች አገር በ1991 (በፈረንጁ ነው የምቆጥረው፣ እዚህ ሌላው አይገባቸውም) እኛን ቤተ እስራኤልን፣ የኢትዮጵያ አይሁዶችን፣ ከአዲስ አበባ ስታነሳ ከ14 ሺህ በላይ ሰው በ36 ሰዓት አጓጉዛለች። በአንዱ ቦይንግ 747 ብቻ ከሺህ ሰው በላይ ታጭቋል። ዳኛ አልተሰየመም፣ ድምፅ የሰጠም የለም። ያን ያህል መፍጠን የምታውቅ እስራኤል ለዩሮቪዥን ሦስት ደቂቃ የምትሞላ ዘፈን መምረጥ ሲሆን እጅ እግሯ ይተሳሰራል።

ከ2015 ጀምሮ ለብዙ ዓመታት ዘፋኝ ሲመረጥ የኖረው «ሃኮኻቭ ሃባ» በሚሉት ውድድር ነው። ተወዳዳሪው ከትልቅ ግድግዳ ጀርባ ቆሞ ይዘፍናል። ሕዝቡ በየቤቱ ስልኩን ይነካካል። ድምፁ 70 በመቶ ሲሞላ ግድግዳው ወደ ላይ ይነሳል፣ ሰዉም ይጮሃል። ካልሞላለት ምስኪኑ ለግድግዳ ዘፍኖ ይወጣል። እኔ እስከዚህ ዕድሜዬ ድረስ ግድግዳ ነፋስ ለመከለል የሚሠራ ይመስለኝ ነበር።

ስልኩም የእኔ ነው። «ሳባ፣ ስልክህን ስጠኝ» ትላለች የልጅ ልጄ። (ሳባ አያቴ ማለቷ ነው። አንተ ትለኛለች፤ ዕብራይስጥ አንቱታ የለውም፣ ምን ይደረግ።) በአንድ እጇ የራሷን፣ በሌላው የእኔን ይዛ ትጠነቁላለች። ማንን እንዳሳለፍኩ፣ ማንን እንደጣልኩ የማውቀው ነገር የለም። የስንቱ እናት እንደረገመችኝ እግዜር ይወቅ።

እኛ አገር እኮ ምርጫው ፊት ለፊት ነበር። ሠርግ ላይ አዝማሪው ማሲንቆውን ታቅፎ ይገባል። ግድግዳ የለ፣ ከለላ የለ፤ ዓይንህን እያየ ነው የሚዘፍነው። ግጥሙን የምትሰጠው አንተ ነህ። «ተቀበል!» ትላለህ፣ ይቀበላል። ያበላሸብህ እንደሆነ ትነግረዋለህ፣ ያሳመረልህ እንደሆነ ብሩን ግንባሩ ላይ ትለጥፋለህ። ሰም ብቻ ሰጥተኸው ወርቁን ከራሱ ጨምሮ የሚመልስልህ ነበር፤ ለካ የተሰደብኩት እኔ ነኝ ብለህ የምትነቃው በሁለተኛው ቀን። ያልጣመ አዝማሪ ሲገጥም ደግሞ ማንም «ወድቀሃል» አይለውም። ሰው ወደ ጠላው ዞሮ ስለ ከብት ያወራል። ይኼኔ ራሱ ይገባውና ማሲንቆውን ወደ ከረጢቱ ይከታል። መዝፈኑና መመረጡ፣ ግጥሙና ክፍያው እዚያው ባንድ ቦታ ያልቃል። ለዚህ ሁሉ ነገር ኤሌክትሪክ እንኳ አላስፈለገንም።

በ2020 ግን ጉዳዩ ቤታችን ገባ። ፌብሩዋሪ ላይ ኤደን አለነ «ሃኮኻቭ ሃባ»ን አሸነፈች። ኢየሩሳሌም የተወለደች፣ ወላጆቿ ከኢትዮጵያ የመጡ፣ በ2018 «ኤክስ ፋክተር» ላይ ድል ያደረገች ልጅ ናት። ከቤተ እስራኤል ለዩሮቪዥን ስትመረጥ የመጀመሪያዋ። ያን ማታ ሠፈራችን ነታንያ በእልልታ ሊፈርስ ነበር። በማግስቱ ሰው ሁሉ ዘመዷ ሆኖ አደረ። እኛ ለጋብቻ ሰባት ቤት ቆጥረን ዝምድና የምናጣራ ሕዝብ ነን፤ በዚያ ሳምንት ግን ቆጠራው አቅጣጫውን ቀየረ። አንዱ በአያቷ በኩል፣ አንዱ በአክስቷ ባል በኩል፣ አንዱ ደግሞ «መርከዝ ክሊታ፣ መጤ መቀበያው ውስጥ፣ ጎረቤት ነበርን» እያለ መጣ። ጎረቤትነት ከመቼ ወዲህ ነው ሥጋ የሆነው? እኔ ማንንም አልተናገርኩም። በጓዳ ቆጥሬ ስድስተኛው ቤት ላይ ልደርስ ምንም አልቀረኝም ነበር፤ ባለቤቴ ናት የሳቀችብኝ።

ዘፋኟን አገኘን፣ ዘፈኑስ? ለእሱም ሌላ ምርጫ። ማርች 2 ለፓርላማ ድምፅ ሰጠን፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ለሦስተኛ ጊዜ መሆኑ ነው። በማግስቱ ማርች 3 ማታ ደግሞ ከአራት ዘፈኖች አንዱን ለመምረጥ ተቀመጥን። ዘፈኑ በዚያው ማታ ታወቀ። መንግሥቱ ግን አልታወቀም። ይኸው ምርጫ የሚሳካልን ለጭፈራ ሲሆን ብቻ ነው።

ያሸነፈው «ፍቅር ልቤ» ነው። ዶሮን መዳሊና ኢዳን ራይኸል የሠሩት፣ እንግሊዝኛ፣ ዕብራይስጥ፣ ዓረብኛና አማርኛ የተደባለቀበት። አራት ቋንቋ በሦስት ደቂቃ! እኔ በሦስት ደቂቃ ውስጥ በአንድ ቋንቋ ሰላምታ አልጨርስም። «እንደምን ከረማችሁ፣ ከብቱስ፣ ልጆቹስ» ስል ዘፈኑ አልቆ ጭብጨባው ይመጣል። ሆኖም አማርኛዋ ከቴሌቪዥኑ ብቅ ስትል ባለቤቴ የቡና ረከቦቱን ትታ ተነሳች። እኔም የጆሮ መስሚያዬን ድምፅ ከፍ አደረግሁ፤ ጉንፋን ይዞኝ ስለነበር ዓይኔም ትንሽ አልቅሷል።

ደስታችን ከሁለት ሳምንት ብዙም አልዘለለም፤ ወረርሽኙ መጣና ሮተርዳም የታሰበው ውድድር ተሰረዘ። ይሁን፣ የእግዜር ቁጣ ነው። ቀጥሎ የመጣው ግን የሰው ሥራ ነው። «ዘፋኞቹ በሚቀጥለው ዓመት መምጣት ይችላሉ፣ የ2020 ዘፈኖች ግን አይችሉም» አሉ አዘጋጆቹ። ዘፈን ሳይሰማ ያረጃል እንዴ? እንጀራ እንኳ ሳይቀርብ ሦስት ቀን ይቆያል። ኤደን እንደገና ተላከች፣ ዘፈን እንደገና ተፈለገ፣ እኔም እንደገና ስልኬን ተቀማሁ። በ2021 ጃንዋሪ ከቀረቡት ሦስት ዘፈኖች «ሴት ሚ ፍሪ» ተመረጠ፤ አማርኛችን ሮተርዳም ሳይደርስ ቀረ። ልጅቷስ አላሳፈረችንም፤ መጨረሻው አካባቢ በዩሮቪዥን መድረክ ከዚያ በፊት ተደርሶበት የማያውቅ ከፍታ ላይ ድምፅ አወጣች። እኔ መስሚያዬ የተበላሸ መስሎኝ አውልቄ ስመታው አለፈኝ። በ93 ነጥብ 17ኛ ወጣን።

የልጅ ልጄን ቁጭ አድርጌ አስረዳኋት። እስራኤል አራት ጊዜ አሸንፋለች፤ በ1978፣ በ1979፣ በ1998 እና በ2018። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ በዕብራይስጥ ነበሩ፤ ያኔ እስከ 1998 ድረስ ደንቡ በአገርህ ቋንቋ ዝፈን ይል ነበር። (1979 ላይ ኢየሩሳሌም አዘጋጅታ ኢየሩሳሌም አሸነፈች፤ በ1980 ግን ቀኑ ከወደቁት ወታደሮች መታሰቢያ ቀን ጋር ስለተጋጨ ሻምፒዮኗ አገር ጭራሽ አልተሳተፈችም። ጎበዝ! እንዲህ ያለ ኩራት አሁን የት አለ?) አያትሽ የሚገባት ዘፈን ዳኛም ይገባዋል ብዬ ሳልጨርስ፣ «አራተኛውስ?» አለችኝ። አራተኛው የኔታ ባርዚላይ «ቶይ» ነው፤ ልጅቱ እንደ ዶሮ እየተንጫጫች ያሸነፈችበት። በምን ቋንቋ እንደሆነ አልከራከርም። እኔ ዶሮን የማውቃት በአሥራ ሁለት ብልት ተገንጥላ ከእንቁላሏ ጋር ነው፤ በነጥብ አልመዘንኳትም።

ወደ ሮተርዳም ልመለስ፤ በመጨረሻው ማታ ደግሞ ለራስህ አገር ድምፅ መስጠት ክልክል ነው ተባለ። ወራት ሙሉ ስልኬን ሲጠነቁሉት ከርመው ዋናው ቀን ሲደርስ ልጃችንን መምረጥ አይቻልም! ታዲያ ፍራንክፈርት የሚኖር የእህቴ ልጅ አለኝ፤ ከአንድ ስልክ እስከ ሃያ ድምፅ ይቻላል ብለውኝ ስለነበር ደወልኩለት።

«ሰጠህላት?» አልኩት።

«አጎቴ፣ ኤደንን እወዳታለሁ፤ እውነቱን ልንገርዎት ግን፣ ሁሉንም ለጣሊያን ሰጠሁ። ሮክ ነው፣ በጣም ይመታል።»

ለጣሊያን! የእናቱ አባት አምስቱን ዓመት ጫካ ለጫካ ከጣሊያን ጋር የተታኮሱለት ልጅ፣ ከኪሱ ዩሮ ከፍሎ፣ ሃያ ጊዜ ለጣሊያን! ይባስ ብሎ ጣሊያን አሸነፈች። ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁበት፤ እስከ በዓላችን እስከ ስግድም አላነጋገርኩትም።

ለስግድ ይቅርታ ሊጠይቅ መጣ። ያመጣልኝ ስጦታ ጫማ ነው፣ የጣሊያን። መልሼ ልወረውርበት አነሳሁት፤ ቁጥሩ የኔው ቁጥር ሆኖ ተገኘ።